ምዕራፍ አምስት፦ ቅጠሉና ልኩ

«መድኃኒት» የሚለው የአማርኛ ቃል ተቃራኒ የሚመስሉ ትርጉሞችን አንድ ላይ ተሸክሞ ይኖራል። «ድኅነ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ በመሆኑ ማዳንንና መዳንን ያመለክታል፤ መድኃኔ ዓለም የሚለው ስምም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። ይሁን እንጂ በጎንደርም ሆነ በሌላው አማርኛ ተናጋሪ አገር «መድኃኒት አበሉት» ከተባለ ሰሚው የሚረዳው ሰውየው መመረዙን ነው፤ «መድኃኒት አስደረገችበት» ከተባለ ደግሞ ነገሩ ወደ መስተፋቅር፣ ማለትም ልብ ያስራል ወደሚባለው የዕፅና የድግምት ሥራ ይዞራል። «ዕፅ» የሚለውም ቃል ዕጣው ተመሳሳይ ነው፤ በግእዝ ዛፍንና እንጨትን፣ በደብተራው መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ፈዋሽ ተክልን ሲያመለክት ኖሮ በዛሬው ጋዜጣ «አደንዛዥ ዕፅ» ከሚለው ሐረግ ውጭ እምብዛም አይታይም። ቋንቋው በዚህ አልተሳሳተም። አንዱ ቅጠል ያድናል፣ ይገድላል፣ ያሰክራልም፤ ከሦስቱ የትኛውን እንደሚያደርግ የሚወስነው ልኩ፣ ማለትም የሚወሰደው መጠን፣ የሚዘጋጅበት መንገድና የሚሰጥበት ጊዜ ነው። የተክሉን ስም ማወቅ የባህል ሕክምና ቀላሉ ክፍል ሲሆን፣ ዘመናትን የፈጀው፣ የተደበቀውና አሁንም በመጥፋት ላይ ያለው ልኩን የማወቁ ጥበብ ነው።

በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ ይህ ዕውቀት በአንድ ሰው እጅ ተከማችቶ አያውቅም። ማንም የማይደብቀው ክፍሉ በእናቶችና በአያቶች ዘንድ፣ በጓሮና በጓዳ ይገኛል። ሌላው ክፍል የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀሰመውና ዜማውን፣ ቅኔውንና ድጉሱን የሚያውቀው ደብተራ በብራና ላይ ጽፎ የያዘው ነው። ሦስተኛው ደግሞ መጽሐፍ የሌለው፣ ከአባቱ ወይም ከአያቱ በቃል የተቀበለውን ይዞ የሚኖረው የመድኃኒት አዋቂ ነው፤ አጥንት የሚጠግነው ወጌሻና የልምድ አዋላጇም ከዚሁ ወገን ይመደባሉ። ሕዝቡ ለዚህ ሰው ያለው አመለካከት ድርብ ነው፤ ሲቸግረው ሌሊት በሩን ያንኳኳል፣ ሲርቀው ደግሞ «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» እያለ ያንቋሽሸዋል። ይህ ስድብ ከፍርሃት የተወለደ መሆኑን ለመረዳት «መድኃኒት» የሚለውን ቃል ድርብነት ማስታወስ ይበቃል፤ ማዳን የሚችል እጅ መግደልም ይችላልና።

ከጓሮው ዕውቀት ዋናው ምሳሌ ዳማከሴ ነው። ዳማከሴ የበሶብላ ዘመድ የሆነ፣ በየአጥሩ ሥር የሚበቅል መዓዛማ ቁጥቋጦ ሲሆን የሚታወቀው በምች መድኃኒትነቱ ነው። ምች በሕዝቡ አረዳድ ላብ ወይም የምግብ ሽታ ያለበት ሰው፣ በተለይ ተልባ ወይም ኑግ ሲቆላ ከቆየበት ቤት ወጥቶ በድንገት ፀሐይ ሲያገኘው የሚይዘው የራስ ምታት፣ ትኩሳትና ቁርጥማት ነው፤ ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስልም በዚሁ ስም ይጠራል። በሐኪም ቤት ቋንቋ ምች አንድ በሽታ አይደለም፤ ጉንፋንም፣ ሌላ የትኩሳት ሕመምም፣ በኸርፐስ ቫይረስ የሚመጣው የከንፈር ቁስልም በዚህ አንድ ስም ሥር ይጠለላሉ። የዳማከሴ አዘገጃጀት እሳትም ዕቃም አይፈልግም። ከጓሮ የተቀነጠበ አንድ እፍኝ ለጋ ቅጠል ታጥቦ በሁለት መዳፍ መካከል ይታሻል፤ መጀመሪያ ይንኮሻኮሻል፣ ቀጥሎ ይረጥባል፣ ጥቁር አረንጓዴ ጭማቂ በጣቶች መካከል መንጠባጠብ ሲጀምር ጥቂት ጠብታ ትኩስ ቡና ወዳለበት ሲኒ ይጨመራል፤ ከቀረው ሕመምተኛው በአፍንጫው ይስባል፣ ግንባሩንና ደረቱን ይቀባል፣ ከዚያም ጋቢ ተከናንቦ እስኪያልበው ይተኛል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአይጦች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች የዳማከሴ ጭማቂ ትኩሳትን የማብረድ ጠባይ እንዳለው አሳይተዋል፤ ይህ ግን በሰው ላይ የተረጋገጠ ሕክምና ነው ለማለት አያበቃም፣ ላቡና እንቅልፉ የሚያደርጉትንም ድርሻ አይለይም።

በዚህ የጓሮ ሕክምና ውስጥ ልኩ በሲኒና በመዳፍ ተሰፍሮ ስላለ ማንም አይሳሳትበትም። ጤና አዳምም እንደዚሁ ነው፤ ለሆድ ቁርጠት ከቡናው ጋር ሲኒ ውስጥ የምትጣለው አንዲት ቅርንጫፍ ጉዳት አታመጣም። ሆኖም ይኸው ተክል በብዛት ተጨምቆ ሲጠጣ ማሕፀን የሚያኮማትር፣ ጭማቂው ቆዳ ላይ ፈሶ ፀሐይ ሲያገኘውም እንደ እሳት የሚያቃጥል ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ጤና አዳም እንዳታበዛ የሚያስጠነቅቁት እናቶች የኬሚስትሪውን ስም አያውቁም እንጂ ነገሩን ያውቁታል። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድና ዝንጅብልም በዚሁ መደብ ውስጥ ስለሆኑ፣ በወጥና በመድኃኒት መካከል ያለው ድንበር በጎንደር ጓዳ ውስጥ ይህን ያህል ጎልቶ አይታይም።

የአካባቢው የዕፅዋት ሀብት ዋና ምክንያት ከፍታው ነው። ከመተማ ቆላ ተነሥቶ በጎንደር ከተማ ወይና ደጋ፣ በዳባትና በደባርቅ ደጋ በኩል ከ4,500 ሜትር በላይ ወደሚዘልቀው ራስ ደጀን የሚወጣ መንገደኛ በአውሮፕላን ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን የተጓዘ ያህል የዕፅዋት ለውጥ ያያል። ቁልቋሉና ግራዋው ከኋላ ይቀራሉ፤ ኮሶው ይከተላል፤ ከዚያ አስታው፤ በመጨረሻም ጓሳ ሣርና ጅብራ ብቻ ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ የሚኖረው ገበሬ ከዚህ ደጋ ሁለት ተክሎችን በየዕለቱ ይጠቀማል። አንዱ ጦስኝ ነው፤ መሬት ላይ ተነጥፎ የሚበቅል፣ ሰው ወይም በግ ሲረግጠው ሽታው የሚነሣ ትንሽ ቅጠል ሲሆን በሻይና በሽሮ ውስጥ ይገባል፣ ለሳልና ለጉንፋንም ይጠጣል። በውስጡ ያሉት ታይሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ዘይቶች ጀርም የመግደል ኃይል ስላላቸው የሳሉ ነገር መሠረት የለሽ አይደለም። ሌላው ሳማ ነው። የዚህ ተክል ሳይንሳዊ የዝርያ ስም «ሲሜንሲስ»፣ ማለትም «የሰሜኑ» የሚል ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በተፈጥሮ የማይገኝ ተክል በዚህ አገር ስም ተጠርቶ በዓለም የዕፅዋት መዝገብ መግባቱ ይታወቅ ዘንድ ይገባዋል። የሳማ ቅጠል ይለበልባል፤ ሲቀቀል ግን ልብላቤው ይጠፋና በጾምና በችግር ጊዜ እንደ ጎመን ይበላል፣ ጨጓራ ለሚያመውም ይሰጣል። እዚህም ላይ ተክሉን ከጠላትነት ወደ ምግብነት የለወጠው አዘገጃጀቱ ነው።

ከደጋው ዕፅዋት ሁሉ ግን የጎንደርን ሰው ሕይወት እንደ ኮሶ የነካ የለም። ኮሶ ከባሕር ወለል በላይ በአመዛኙ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ የሚበቅል፣ እስከ 20 ሜትር የሚደርስ ዛፍ ነው፤ ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ይገኛሉ፤ የሴቴው አበባ ቀላ ያለ ሆኖ እንደ ወይን ዘለላ ተንዠርግጎ ይወርዳል። መድኃኒት የሚሆነው ይኸው የሴቴው አበባ ሲሆን የወንዴው ያስመልሳል ተብሎ ይተዋል። የኮሶ አስፈላጊነት ከአመጋገብ የመጣ ነው፤ ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር ከከብቱ ጡንቻ ውስጥ ያለው የትል እጭ ወደ ሰው አንጀት ገብቶ ብዙ ሜትር ወደሚረዝም ጠፍጣፋ ትል ያድጋል። ትሉ የመድኃኒቱን ስም ወርሶ ራሱ «የኮሶ ትል» መባሉ በሽታና ፈውስ በዚህ አገር ምን ያህል ተጣብቀው እንደኖሩ ያሳያል።

አወሳሰዱ ሥርዓት ነበረው። የደረቀው አበባ በሙቀጫ ተወቅጦ ወይም በወፍጮ ተፈጭቶ በውኃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፤ ጠጪው ሌሊቱን ሳይበላ አድሮ ጠዋት በባዶ ሆዱ በዋንጫ ተቀብሎ ትንፋሹን ይዞ ይጨልጠዋል። መራራነቱ በቋንቋው ውስጥ ታትሞ ቀርቷል፤ ፊቱን የሚያጨማድድ ሰው ዛሬም «ኮሶ የጠጣ ይመስላል» ይባላል፣ ኮሶ ዓይቶ የማያውቅ የከተማ ልጅ እንኳ ይህን አባባል ያለ ችግር ይጠቀምበታል። በጥንቱ ልማድ ኮሶ የጠጣ ሰው ቀኑን እልፍኙ ውስጥ ይውላል፣ እንግዳ አይቀበልም፤ ደጅ ጠኚ ወይም ባለ ዕዳ ጠያቂ ቢመጣ አሽከሩ «ጌታዬ ኮሶ ጠጥተዋል» ካለው ማንም አይከራከርም ነበር። ምክንያቱ እውነት ይሁን ማምለጫ ለማጣራት የሚደፍር ስላልነበረ፣ ኮሶ ትሉን ብቻ ሳይሆን የማይፈለገውንም እንግዳ የሚያስወጣ መድኃኒት ሆኖ ማገልገሉ አይቀርም።

ኮሶው በየሁለት ወሩ ገደማ ይደጋገም የነበረበት ምክንያትም በትሉ ተፈጥሮ ሊብራራ ይችላል። በአበባው ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች ትሉን አደንዝዘው ከአንጀት ግድግዳ ያላቅቁታል፣ የሚያስከትለው ተቅማጥም ጠርጎ ያወጣዋል፤ ነገር ግን በመጥባቶቹ አንጀት ላይ ተጣብቆ የሚኖረው፣ የመርፌ ራስ የሚያህለው የትሉ ራስ ካልወጣ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ አዲስ ትል ያድግበታል። ራሱ ወጥቶ ቢሆን እንኳ ጠጪው በሚቀጥለው በዓል ጥሬ ሥጋ ስለሚበላ ውጤቱ አንድ ነው። ልኩን ለማሳነስ የሚፈልግ ሰው ትሉን ያስቀራል፣ ልኩን የሚያበዛ ደግሞ በራሱ ላይ ጉዳት ያመጣል፤ የበዛ ኮሶ ክፉኛ ያስመልሳል፣ ያዝላል፣ የዓይንን ብርሃን ይጎዳል፣ ከነፍሰ ጡር ፅንስ ያስወርዳል።

ስለ ኮሶ በውጭው ዓለም ሰፊ ወሬ የጀመረው ከጎንደር ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ ጎንደሮች «ያዕቆብ» እያሉ የሚጠሩት፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1770 ጎንደር ደርሶ እስከ 1771 መጨረሻ ድረስ በከተማዋና በዙሪያዋ ቆይቷል፤ በእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ግቢ በፈንጣጣ ለታመሙ የቤተ መንግሥት ልጆች ሐኪም ሆኖ በማገልገሉም ተሰሚነት አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የኮሶን ዛፍ ሥዕል አውጥቶ፣ ዛፉ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ከጥዶቹ መካከል ለመንደሩ ሕዝብ ጥቅም ተተክሎ እንደሚገኝ ጽፏል። ለተክሉ በወዳጁ በሳይንቲስቱ ጆሴፍ ባንክስ ስም ስያሜ ሰጥቶት ነበር፤ ይሁንና ስሙ ቀደም ብሎ ለአውስትራሊያ ዕፅዋት ተሰጥቶ ስለነበር አልጸናም። ዛሬ ዛፉ የሚጠራው ሐበሻን አይቶ በማያውቅ በአንድ የፕሩሲያ መድኃኒት ቀማሚ፣ በካርል ሃገን ስም ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ኮሶ በቁስጥንጥንያ በኩል አልፎ ወደ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ገባ፤ የእንግሊዝ የመድኃኒት መመሪያም እስከ ግማሽ አውንስ፣ ማለትም እስከ 15 ግራም ገደማ የሚደርስ ልክ ወሰነለት። ነገር ግን በመርከብ ወራት ፈጅቶ በመጋዘን የከረመው አበባ ኃይሉን ስለሚያጣ፣ በሚዛን አንድ ዓይነት የሆነው ዱቄት አንዱን በሽተኛ ሲያድን ሌላውን ምንም አያደርገውም ነበር። የደባርቅ ገበያ ሴት አበባውን በሽታውና በቀለሙ ለይታ የምታውቀውን ነገር የለንደኑ ሚዛን ሊያውቀው አልቻለም።

የብሩስ ሌላው ታሪክ ከኮሶው ያነሰ ዝና ቢኖረውም ይበልጥ ያስተምራል። ተጓዡ ወደ አገሩ ለመመለስ በሱዳን ድንበር በኩል ሲወርድ ራስ ፊል በሚባለው፣ ዛሬ መተማ ባለበት አካባቢ በተቅማጥ ተይዞ ከሞት አፋፍ ደርሶ ነበር፤ በዚያም የአገሬው ሰዎች ዋጊኖስ የተባለውን ቁጥቋጦ የሥር ልጥ ደቁሰው ሰጥተውት ዳነ። ወደ አውሮፓ ይዞት የሄደው ተክል በስሙ «ብሩሲያ» ተባለ፤ ሁለተኛ ስሙም «ፀረ ተቅማጥ» የሚል ትርጉም ያለው ነው። ሁለት መቶ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሞሪስ ኩፕቻን የተባለው አሜሪካዊ ኬሚስትና ባልደረቦቹ ከዚሁ ተክል «ብሩሲያንቲን» የተባለ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ፤ በአይጦች ላይ የደም ካንሰርን በእጅጉ ስለተዋጋ ትልቅ ተስፋ ተጥሎበት በሰው ላይ ተሞከረ። ሙከራው አልተሳካም። ንጥረ ነገሩ በሚፈለገው ልክ ሲሰጥ ሕመምተኛውን ጎዳ፤ እጢውን ግን አላጠፋም፤ በመሆኑም ተተወ። አንድ ተክል በላቦራቶሪ «ይሠራል» በተባለ ቁጥር መድኃኒት ተገኘ ብሎ ለሚጽፍ ሁሉ የዋጊኖስ ነገር መታወስ ያለበት ነው።

ከጓሮውና ከቆላው ወደ መጽሐፉ ሲመጣ፣ ጎንደር ልዩ ቦታ ትይዛለች። ከተማዋ የቤተ መንግሥት መቀመጫ በነበረችባቸው ዘመናትና ከዚያም ወዲህ በአድባራቷ ዙሪያ የከተሙት የአቋቋም፣ የቅኔና የመጻሕፍት ተማሪዎች ከትምህርታቸው ጎን ለጎን የመድኃኒት መጽሐፍ እየገለበጡ ይዘው ይወጡ ነበር። የመድኃኒት መጽሐፍ የሚባለው በአብዛኛው ትንሽ፣ በኪስ ወይም በማኅደር የሚያዝ ብራና ሲሆን፣ ግእዝና አማርኛ እየተቀላቀሉበት ለየሕመሙ የሚሆነውን ዕፅ ይዘረዝራል፤ ከዕፁ ጎን ጸሎት፣ የመላእክት ስምና ጠልሰም፣ ማለትም ዓይንና መስቀል የመሳሰሉ ምስሎች ይገኙበታል። ለጽሑፉ ሰው ቅጠሉ፣ ቃሉና ምስሉ የአንድ ሕክምና ሦስት ክፍሎች ነበሩ እንጂ አንዱ «ሳይንስ»፣ ሌላው «አጉል እምነት» አልነበረም፤ ዛሬ ቅጠሉን ብቻ ነጥሎ ማንሣት የሚፈልግ ተመራማሪ ቢያንስ ይህን ማወቅ አለበት። እነዚህን መጻሕፍት ለውጭው ዓለም ካስተዋወቁት መካከል ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1930 የአንድ ደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍ አሳትሟል፤ ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የጥናት ቡድኑም በ1932 ጎንደር ወራት ቆይቷል። ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1973 ባወጣቸው ሁለት ጥራዞች የኢትዮጵያን የሕክምና ጽሑፎችና የዕፅዋት ስሞች በጥንቃቄ አደራጅቷል።

እነዚህን ጽሑፎች የሚያነብ ሰው ቶሎ የሚያስተውለው አንድ ጉድለት አለ። ሥሩ እንዲቆፈር፣ ልጡ እንዲላጥ፣ ከማር ወይም ከቅቤ ጋር እንዲለወስ ይነገራል፤ ምን ያህል የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ይህ የጸሐፊው ስንፍና አይመስልም። መጽሐፉ የተጻፈው አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ እንዲሆን እንጂ የማያውቀውን ለማስተማር አይደለም፤ ልኩ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በእጅ የሚተላለፍ ነበር፣ ብራናውን የሰረቀ ቅጠሉን ቢያገኝም ልኩን አያገኝም። በጽሑፍ የቀረ አንድ የአዘገጃጀት ቃል ምን ያህል ዋጋ ሊኖረው እንደሚችል ግን ከቻይና የመጣ ታሪክ ያሳያል። ቱ ዩዩ የተባለችው ተመራማሪ የወባ መድኃኒት ስትፈልግ ከ4ኛው መቶ ዘመን በቀረው የጌ ሆንግ ጽሑፍ ውስጥ ቅጠሉ በውኃ ተዘፍዝፎ እንዲጨመቅ እንጂ እንዲፈላ እንዳልተጻፈ አስተዋለች፤ ሙቀቱ ንጥረ ነገሩን እንደሚያጠፋው ጠርጥራ በዝቅተኛ ሙቀት ብታወጣው አርቴሚሲኒን ተገኘ፣ እርሷም እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። የጎንደሯ አሪቲ የዚያ ተክል ዘመድ ናት፤ ዘመድ መሆኗ ግን አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር አላት ማለት ስላልሆነ ወባ የያዘው ሰው በአሪቲ እንዲተማመን አይገባም።

የልክ ነገር ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው በአስተናግር ላይ ነው። በመጽሐፉ ዕፀ ፋርስ የሚባለው ይህ ተክል በየቆሻሻ መጣያው የሚበቅል፣ ነጭ የጡሩምባ አበባና እሾሃማ ፍሬ ያለው አረም ነው፤ ስሙ ራሱ የሚያደርገውን ይናገራል፣ የቀመሰውን ሰው ያስለፈልፈዋልና። በውስጡ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ ንጥረ ነገሮች በሆስፒታል ውስጥ በሚሊግራም ተለክተው ሕይወት የሚያድኑ ሲሆኑ፣ ባልተለካ መጠን ሲወሰዱ ግን የዓይንን ብሌን ያሰፋሉ፣ አፍ ያደርቃሉ፣ የሌለ ነገር ያሳያሉ፣ ይገድላሉም። በቤተ ክርስቲያን ተማሪዎች ዘንድ አእምሮ ይከፍታል ተብሎ የሚነገርለት አብሾ ከዚሁ ተክል እንደሚዘጋጅ ይነገራል፤ አብሾ የጠጣ ተማሪ ትምህርቱን በአንዴ ይይዛል፣ ጠላ ሲቀምስ ግን ይነሣበታል እየተባለም ይወራል። ከዚህ የተነሣ ድንገት የሚገነፍልን ሰው «አብሾ አለበት» ማለት የተለመደ ሆኗል። ስንቱ በአብሾ ሊቅ እንደሆነ አይታወቅም፤ ተክሉ ማሳበዱ ግን በመድኃኒት ሳይንስ ረገድ የሚያጠራጥር አይደለም።

የመድኃኒት አዋቂው ልኩን የሚሰውርበት ልማድ ብዙ ጊዜ እንደ ስስት ይታያል። ሥሩን የሚቆፍረው ሳይነጋ፣ ብዙ ጊዜ ረቡዕ ወይም ዓርብ፣ እህል ሳይቀምስና ጥላው በተክሉ ላይ ሳያርፍ ነው፤ ዕውቀቱን የሚያወርሰው ለመረጠው አንድ ልጅ ብቻ ሲሆን፣ ምሥጢሩ ከወጣ መድኃኒቱ ይረክሳል፣ ኃይሉንም ያጣል ብሎ ያምናል። ከእነዚህ ደንቦች አንዳንዶቹ ሳይታሰብ ጠቃሚ ውጤት አላቸው፤ አንድ ሰው በሳምንት አንድ ቀን በጨለማ የሚቆፍረው ሥር በገበያ እንደሚቸበቸበው ቶሎ አያልቅም። ሆኖም ለሁሉም ደንብ ሳይንሳዊ ምክንያት ማፈላለግ ልማዱን ማክበር ሳይሆን ማስመሰል ነው። የምሥጢሩ እውነተኛ ዋጋ የሚታየው የተመረጠው ልጅ ወደ ከተማ ሲሄድና አዋቂው ሳይናገር ሲሞት ነው። በሌላ በኩል ምሥጢሩን የሚያወጣ ሰው ምን እንደሚጠብቀው የእንዶድ ታሪክ ይናገራል፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣዎች መሞታቸውን ካስተዋሉና ለዓለም ካሳወቁ በኋላ፣ በአሜሪካ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በተክሉ አንድ ጥቅም ላይ የባለቤትነት መብት አስመዝግቧል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዳይወሰድ ይደነግጋል፤ ሰሜን ላይ በቃል ብቻ ተይዞ የሚኖር ዕውቀት ግን የማን እንደሆነ ለማስረዳት አስቀድሞ መነገር ይኖርበታል፣ አዋቂውም የሚፈራው ይህንኑ ነው።

የባህል ሕክምናን ማክበር ጉድለቱን መሸፈን ማለት አይደለም። «የወፍ በሽታ» የሚባለውን፣ የሌሊት ወፍ ሽንት ነክቶት ይመጣል የሚባለውን ዓይን ቢጫ የሚያደርግ ሕመም በዕፅ የሚያድኑ አዋቂዎች በአካባቢው ብዙ ዝና አላቸው፤ የዝናው አንዱ ምንጭ ግን ሕመሙ በቫይረስ ዓይነት ኤ የመጣ የጉበት ብግነት ከሆነ በአብዛኛው በራሱ ጊዜ የሚድን መሆኑ ነው፣ ቅጠሉ ባይሰጥም ሕመምተኛው ይድን ነበር። በአንጻሩ ያበደ ውሻ በነከሰው ሰው ላይ ይህ ዕድል የለም። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ከንክሻው በኋላ ወዲያው ቁስሉን በውኃና በሳሙና አጥቦ ክትባት ከመውሰድ በስተቀር ሌላ መዳኛ የለም። የተነከሰው ሁሉ ስለማይታመም፣ ዕፁን ጠጥቶ ያልታመመው ሰው ምስክር ይሆናል፤ የሞተው ግን ምስክር አይሆንም። በዚህ ነጥብ ላይ ለመቻቻል የሚሆን ቦታ የለም።

ጎንደር የዘመናዊውም ሕክምና ትምህርት ቀዳሚ ከተማ ናት። በ1945 ዓ.ም. ገደማ ደምቢያን የመታው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ከጨረሰ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ፣ ገጠር የሚወርዱ የጤና መኮንኖችን አሠልጥኗል። እነዚያ መኮንኖችና ከእነርሱ በኋላ የመጡት የጤና ሠራተኞች ይዘውት የወረዱት የትል ክኒን ኮሶን በአንድ ትውልድ ጊዜ ከየቤቱ አስወጣው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ክኒኑ ይቀላል፣ ልኩ ተቆጥሮ በወረቀት ተጽፎ ይመጣል፣ ፊትም አያጨማድድም። በደጋው አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ የቀሩት የኮሶ ዛፎች አሁንም በየዓመቱ ቀይ ዘለላቸውን ያወርዳሉ፤ አበባው ግን ብዙውን ጊዜ ሣሩ ላይ ረግፎ ይደርቃል። ከቅጥሩ ውጭ የበቀለውን የሚፈልገው አናጺ ነው፤ የኮሶ ጣውላ ቀላ ያለ፣ ለአልጋና ለቁም ሣጥን የሚስማማ በመሆኑ የሴቴው ዛፍ ከወንዴው ሳይለይ ይቆረጣል።